ጠብቆ ሲነበብ

ሁለት መቶ አስር የታሪክ ፈተና ወረቀት ያረመ ሰው ዓይኑ ማንበቡን ትቶ መልቀም ይጀምራል። እኔም ወገቤ እስኪቆረጥ ተቀምጬ ስህተት ስለቅም ሰንብቻለሁ። የተሳሳተ ዓመተ ምሕረት አንድ ነጥብ ያስቀንሳል፣ የተምታታ ስም አንድ። አሸናፊውን ከተሸናፊው የገለበጠ ግን በድርሰቱ ከሃያው ነጥብ አራት ብቻ ያገኛል። መመሪያው እንዲያ ይላል፤ ያወጣሁትም እኔው ነኝ፣ ማንን እወቅሳለሁ።

በቅሬታ መቀበያው የመጨረሻ ቀን አንዲት ተማሪ ወረቀቷን ይዛ መምህራን ክፍል ገባች። ያገኘችው አርባ ሦስት ነው፤ ማለፊያው ሃምሳ። ከወደቀች ያንኑ ክፍል ለሦስተኛ ጊዜ ልትማር ነው።

«ቲቸር፣ ድርሰቱ ላይ አራት ነው የሰጡኝ።»

«አሸናፊውን ገልብጠሽዋላ!» ምሳ አልበላሁም፣ ነገር ነገር ይለኝ ነበር። ጣቴን መስመሩ ላይ ጫንኩ። «‹የንጉሡ ጦር ወንዙን ሲሻገር ይመታል› ብለሻል። የተመታው እሱ አይደለም እንዴ?»

«እኮ! ይመታል ነው ያልኩት።»

«መ»ንም «ታ»ንም አጥብቃ አነበበችው። ላልቶ ሲነበብ መቺ፣ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺ። ፊደሉ ያው ነው፤ ያላላሁት እኔ ነኝ። ዝቅ ብዬ ሳነብ የተረፉት ወታደሮች በየት በኩል እንደሸሹ ሳይቀር ጽፋለች። እዚያ ድረስ አላነበብኩም ነበር።

የውጤት ማስተካከያ ቅጹን አወጣሁ። «የስህተቱ ምክንያት» በሚለው ፊት «አራሚው» ብዬ ጻፍኩና ድርሰቱን አሥራ አምስት አደረግሁት። ድምሩ ሃምሳ አራት መጣ።

«በቃ፣ አልፈሻል» አልኳት። ትፈነድቃለች ብዬ ነበር። ወረቀቱን እያየች ቆመች።

«ቲቸር፣ አምናም ይኸው ጥያቄ መጥቶ ነበር። እንደዚሁ ነው የጻፍኩት።»

«ማን ነበር ያረመሽ?»

«እርስዎ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልመጣሽም?» ቁጣዬ ከየት እንደመጣ እንጃ።

«እርስዎ ተሳስተሻል ካሉኝ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ነዋ። ዓመቱን ሙሉ ያንን ምዕራፍ ደጋግሜ ሳነብ ከረምኩ፤ ስህተቴ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ሊገባኝ አልቻለም።»

የአምናው ወረቀት ከሌሎቹ አሮጌ ፈተናዎች ጋር ከተቃጠለ ቆይቷል። ይቅርታ እንደመጠየቅ ቅጹን ፈርሜ ሰጠኋት። እሷ ግን አመስግናኝ ወጣች።