የመጋቢት ስምንት ሙቀት

ኢፊም ሉኪች ገመዱን በግራ እጁ ጨብጦ፣ አገጩን ካፖርቱ ውስጥ ቀብሮ፣ ነፋሱን በትከሻው እየገፋ የአየር ጠባይ ጣቢያው ነጭ የመለኪያ ሳጥን ጋ ሲደርስ ለቀኑ ስድስት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ይቀር ነበር። ገመዱ ከቤቱ ደጃፍ እስከ መለኪያዎቹ የተዘረጋው አውሎ ነፋስ ሲነሳ ሰው መንገድ እንዳይስት ነው። ኢፊም ግን ሰማዩ ጠርቶም ይይዘዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ይዞት ኖሯል፤ ከሚስቱ ጋር እንኳን የቆየው አምስት ዓመት ነው።

ደረጃዋን ወጣና የሳጥኑን በር ከመክፈቱ በፊት ትንፋሹን ዋጠ። የሰው ትንፋሽ ቴርሞሜትሩን ያሞቀዋል። መጀመሪያ ከነጥብ በኋላ ያለውን፣ ቀጥሎ ሙሉውን ዲግሪ አነበበ፤ ሙሉው የትም አይሄድም፣ የሚሸሸው ሽርፍራፊው ነው። ከዜሮ በታች ስድስት ነጥብ አራት። ጻፈ፣ በሩን ዘጋ፣ ተነፈሰ።

ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ማሽኑ ቆሟል። ባለፈው ዓመት በመርከብ የመጣ ቀጭን የብረት ምሰሶ ነው፤ አናቱ ላይ እንደተደፉ ሳህኖች የተደራረበ ነገር አለው። አይበላም፣ አይተኛም፣ ጫማ አይፈልግም። የአየሩን ነገር በየደቂቃው ለከተማው ቢሮ ይልካል፤ ዓመቱን በደህና ከጨረሰ የሰዎቹን ቦታ ይረከባል። ዛሬ በሳህኖቹ መሀል አመዳይ ጋግሮበታል። ኢፊም አየው፣ ግን አልነካውም።

“ጎበዝ አይደለህ፣ ራስህ አራግፈው” አለውና ተመለሰ።

ቤት ውስጥ ዛካር ምድጃው አጠገብ ቆሞ የጎመን ሾርባ ያማስላል። ጄኔሬተሩም ምግቡም የእሱ ሥራ ነው። በዚያ የባሕር ዳር ጫፍ ላይ ከእነዚህ ሁለት ሰዎችና ከውሻቸው ከቡያን ሌላ ነፍስ ያለው ነገር ቢኖር ድብ ብቻ ነው።

“ቡያን” አለ ዛካር ዞር ሳይል፣ “ሰውየውን በሩን ዝጋው በለው።”

“ቡያን፣ ዘግቼዋለሁ በለው።”

“ተዘግቶ ነው እንዴ እንዲህ የሚነፍሰው በለው።”

ውሻው ከአንዱ ወደ አንዱ እያየ ጭራውን ቆላ። ከመጋቢት ወዲህ በጣም ተፈላጊ ሆኗል። ሁለቱ ሰዎች ከተኮራረፉ ሰባ ቀን አልፏቸዋል። ምክንያቱን ኢፊም ያውቀዋል፤ በጨው የተቀመጠውን ኪያር የመጨረሻዋን ማሰሮ ሳያስፈቅድ በልቷል። ለኪያር ሰባ ቀን ትንሽ በዛ ብሎ ያስባል፣ ግን ኪያሩም ጥሩ ነበር።

ራዲዮው ተንኮሻኮሸ፣ አፏጨ፣ ከዚያ የሪማ ፓቭሎቭና ድምፅ መጣ። የከተማው ቢሮ ተቀባይ ናት። ኢፊም ሃያ ዓመት ድምጿን ሰምቷል፤ ጥርሷን ሲያማት ከድምጿ ይለያል። ፊቷን ግን አይቶት አያውቅም።

“ኢፊም ሉኪች፣ እንዴት ዋሉ? ዛሬ ደስ የሚል ወሬ ይዤልዎታለሁ።”

“መጀመሪያ አየሩን ልስጥሽ።”

“አየሩ የት ይሄዳል፣ ይስሙኝ። ኮሚቴው የዓመቱን ንጽጽር ጨረሰ። የእርስዎና የማሽኑ ቁጥር ዓመቱን ሙሉ ተቃቅፈው ነው የሄዱት፣ አንድ ቀን ሲቀር። መጋቢት ስምንት፣ ስድስት ሰዓት። እርስዎ ከዜሮ በታች ሃያ አራት ነጥብ ስድስት ብለዋል። ማሽኑ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት ብሏል።”

ኢፊም ወደ መደርደሪያው አየ።

“አለቆቹ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት ያልተሳሳተ ሰው አሁን አይሳሳትም፣ የቀባጠረው ማሽኑ ነው አሉ። የሚቀባጥር ማሽን ደግሞ ብቻውን አይተውም። ስለዚህ ጣቢያው ሰው እንደያዘ ሦስት ዓመት ይቀጥላል። በነሐሴው መርከብ አትወጡም። የቀረው እርስዎ ‘ቁጥሬ ትክክል ነው’ እንዲሉ ብቻ ነው። አለቆቹ ሰባት ሰዓት ላይ ይፈርማሉ።”

“መዝገቡን ልየው።”

“ምኑን ያዩታል?”

“ልየው። ከሰባት በፊት እጠራሻለሁ።”

ራዲዮውን ዝቅ አደረገና ተቀመጠ። መዝገቡ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ሳያወርደውም ምን እንደተጻፈበት ያውቃል።

መጋቢት ስምንት ስድሳ ዓመት የሞላበት ቀን ነበር። ሙርማንስክ ከተማ ያለችው ልጁ ታይሲያ ልክ በስድስት ሰዓት ትደውላለች፣ ሪማም በራዲዮው ታገናኛለች ተብሎ ነበር። ውጭው ነጭ ሆኖ ያጓራል። በእንዲህ ያለ ቀን ሳጥኑ ጋ ደርሶ መመለስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ኢፊም ጫማውን አድርጎ ነበር፣ አወለቀው። የጠዋቱን የሦስት ሰዓት ቁጥር አየና ትንሽ አሻሽሎ ሃያ አራት ነጥብ ስድስት ብሎ ጻፈ። ሽርፍራፊዋን የጨመራት ለማሳመን ነው። ከዚያ ራዲዮው ሥር አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። ታይሲያ አልደወለችም። ኋላ መስመሩ እምቢ አለኝ አለች፤ ይሆናል።

በዘጠኝ ሰዓት ሲወጣ ውርጩ ተመልሶ ነበር። የዕለቱን ከፍተኛ ሙቀት የሚይዘው ቴርሞሜትር ግን ከዜሮ በታች ዘጠኝ ነጥብ ሦስት ላይ ቆሞ ጠበቀው። ከደቡብ የመጣ ሞቃት አየር ለሁለት ሰዓት ጎብኝቶ ሄዷል፤ በአሥራ አምስት ዲግሪ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ይሄኛውንም አላየውም። ቴርሞሜትሩን አራግፎ መለሰው።

አሁን ያቺ ውሸት ሦስት ዓመት ልትሰጠው ነው። እምቢ ካላት ነሐሴ ላይ ሙርማንስክ ይወርዳል፤ የታይሲያ ወጥ ቤት ውስጥ ታጣፊ አልጋ አለች። እዚያ ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ የሚጠይቀው ሰው አይኖርም። ሁሉም በኪሱ ስልክ ይዟል።

“ቡያን” አለ ዛካር በድንገት፣ ማማሰያውን ይዞ። “መጋቢት ስምንት የጄኔሬተሩ ቤት በር ላይ በረዶ እዝቅ ነበር በለው።”

ኢፊም ቀና አለ።

“ጄኔሬተሩ ከሚያሞቀው ጣሪያ ውሃ ማጅራቴ ላይ ተንጠባጠበ በለው። በሃያ አራት ውርጭ የሚንጠባጠብ ጣሪያ የት ነው ያለው በለው። ኮፍያዬን አውልቄ ገብቼ ‘ኧረ ሞቀ’ ስለው፣ ‘ዝም በል፣ ልጄ ልትደውል ነው’ አለኝ። ማታ ነዳጁን ልመዘግብ ስገልጥ ሃያ አራት ነጥብ ስድስት።”

ኢፊም ጉሮሮውን ጠረገ። “ቡያን፣ እኔ ኩርፊያው የኪያሩ መስሎኝ ነበር በለው።”

“ኪያሩም አለበት በለው።”

“ታዲያ ለምን አልተናገረም በለው።”

ዛካር ድስቱን ከደነ። “እኔስ ብወጣ የት እገባለሁ በለው። ቤቱን ሁለተኛዋ ሚስቴ ሸጠችው። መቆየት ፈለግኩ፣ ዝም አልኩ። ግን እሱን ትቼ ስለ ሾርባ ማውራት አልሆን አለኝ። ስለዚህ ሁሉንም ዝም አልኩት።”

ድስቱ ተንተከተከ። ውሻው መልእክቱ ስለረዘመበት ተኛ።

“ምን ላድርግ?” አለ ኢፊም። ለማን እንዳለው አልታወቀም።

“ቡያን፣ እኔ መካኒክ ነኝ በለው። አየር የሚጽፈው እሱ ነው።”

ኢፊም ተነስቶ መዝገቡን አወረደ። በጣቢያው ላጲስ የሚባል ነገር የለም፤ ደንቡ አይፈቅድም። የተሳሳተ ሰው ቁጥሩን በአንዲት ቀጭን መስመር ይሰርዛል፤ ስህተቱ ከሥር እንደተነበበ ይቀራል፤ ትክክሉን ከላይ ጽፎ ይፈርምበታል። እርሳሱን ቀረጸ። ሰረዘ። ከላይ ዘጠኝ ነጥብ ሦስትን ሊጽፍ እጁን አነሳና ተወው። ያ ቁጥር የማሽኑ ነው። “አልታየም” ብሎ ጻፈና ፈረመ። ከዚያ ራዲዮውን ከፈተ።

“ሪማ ፓቭሎቭና፣ መጋቢት ስምንት ስድስት ሰዓት ‘አልታየም’ ብለሽ ያዢልኝ።”

“አልታየም ማለት?”

“አልወጣሁም። ቁጥሩን ቤት ቁጭ ብዬ ፈጠርኩት። የዘጠኝ ሰዓቱንም ከፍተኛ ሙቀት ሳልመዘግብ አራግፌዋለሁ። ማሽኑ ልክ ነው።”



“አውቃለሁ” አለች ሪማ። “የዚያን ቀን መስመሩን ይዤ የነበርኩት እኔ አይደለሁ? በየደቂቃው ‘ገባች?’ ይሉኝ ነበር። ሰው አንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አይቆምም።”

እንግዲህ ከኮሚቴው በቀር ያላወቀ አልነበረም።

“ዝም አልሽ” አለ ኢፊም።

“ልደትዎ ነበር። ደግሞ ማሽኑ ‘እንዴት ዋልሽ’ አይለኝም። ነሐሴ ላይ ወደቡ እመጣለሁ። በምን እለይዎታለሁ?”

ኢፊም አሰበ። ስለ ራሱ መልክ ከተጠየቀ ብዙ ዘመኑ ነው።

“ውሻ የያዝኩት እኔ ነኝ።”

“ውሻው የኔ ነው” አለ ዛካር፣ ፊት ለፊት ኢፊምን እያየ።

ቡያን ራሱን ቀና አደረገ። ስሙ ሳይጠራ ወሬ ሲያልፍ ከሰማ ቆይቷል።

ኢፊም የስድስት ሰዓቱን አየር አስተላለፈ፤ ከዜሮ በታች ስድስት ነጥብ አራት፣ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ። ሪማ ደግማ አነበበችለትና ዘጋች። ዛካር ሁለት ሳህን ሾርባ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ኢፊም ግን ካፖርቱን እየለበሰ፣ በሩ ጀርባ ያለውን የእጅ መጥረጊያ አነሳ።

“ዘጠኝ ሰዓት አልደረሰም እኮ” አለ ዛካር። “ወዴት ነው?”

“ማሽኑን አመዳይ በልቶታል።”

“ምን አገባህ።”

“ካልጠረግኩለት አያይም” አለ ኢፊም፣ ገመዱንም ሳይይዝ ወጣ።