የባሕር ጃርት በሆሳዕና

መምህር ጠና ከዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ይዞት የመጣው ሀብት ቢኖር አንድ የባሕር ጃርት ነው። ለጥናት ምጽዋ በወረዱ ጊዜ ከባሕሩ አውጥቶ የሞተ እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ፎርማሊን በሞላው ብልቃጥ ውስጥ ከተተው፤ እስከ ሆሳዕና ከተማ ድረስም ጭኑ ላይ አድርጎ አመጣው። በየዓመቱ ለተማሪዎቹ እያሳየ፣ «በመቶዎች የሚቆጠሩ እግሮች አሉት፤ በሕይወት ሳለ ደግሞ በሆዱ ያለው ፈሳሽ ባክቴሪያ ይገድላል፤ ፈረንጆች እየመረመሩት ነው» ይላቸዋል።

አንድ ዓመት በእርከን ሥራ ዘመቻ ላይ የሰው ዶማ ስቶ የታናሽ እህቱን የትርፊትን ቅልጥም መታው። ቁስሉ አመረቀዘ። የክሊኒኩ ድሬሰር ወንዳፈረው ጨርቁን ፈታ፣ አሸተተ፣ መልሶ ጠቀለለው።

«ፔኒሲሊን አልቋል። ከበዓሉ በኋላ ከክፍለ ሀገር ይመጣል ተብሏል። ለማን እንደሚሰጥ የሚፈርመው ግን ጓድ ኃይለመለኮት ነው፤ እሱን ያዝ።»

ኃይለመለኮት የከተማው ካድሬ ነው። ለአብዮት በዓል የሚመጡ እንግዶች የሳይንስ ውጤት እንዲያዩ ታዟል፤ በእጁ ያለው ግን ከእንሰት ቃጫ የተገመደ ገመድ ብቻ። ጠና ስለ እህቱ እግር ሲነግረው እሱ ስለ ብልቃጡ ጠየቀ።

«ያ እንስሳህ ጀርም ይገድላል አሉ።»

«በሕይወት ሳለ ነው፣ ጓድ። ይሄ ከሞተ ስምንት ዓመቱ።»

«አሁን ይገድላል ወይ ነው ያልኩህ።»

«አሁንማ የሚገድለው ፎርማሊኑ ነው። ጫማዎን ቢነክሩበትም ይገድላል።»

ኃይለመለኮት ጫማውን አየት አደረገ። «ጫማዬን ለእንግዳ አላሳይም። አንተ መድረክ ላይ ቆመህ፣ ሆሳዕና የራሷን መድኃኒት አገኘች ትላለህ። እኔ ለእህትህ እፈርማለሁ።»

ጠና ብዙ አላሰበም። የቁስሉ ሽታ ከቤት ጀምሮ ተከትሎት ነበር።

በበዓሉ ቀን ብልቃጡን ከፍ አድርጎ የታዘዘውን አለ፤ ከራሱም ጥቂት ጨመረበት። ጭብጨባው ከሌሞ ገጠር የመጡትን የጋሪ ፈረሶች አስበረገገ። የእንግዶቹ አለቃ ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈ። ኃይለመለኮትም ቃሉን አላጠፈም፤ እዚያው መድረኩ ሥር ፈረመ።

በሳምንቱ የመድኃኒቱ ላንድሮቨር መጣ። ሾፌሩ ሆሳዕና ላይ ሻይ ጠጣና ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ዱራሜ ነዳው። ጠና ፊርማውን ይዞ እየሮጠ ክሊኒኩ ሲደርስ ወንዳፈረው ከክፍለ ሀገር የመጣ ደብዳቤ ሰጠው፦ «ሆሳዕና በግኝቷ በመድኃኒት ራሷን ስለቻለች ድርሻዋ ገና ላልቻሉት ይሰጥ።»

«ፊርማዬስ?»

«ፊርማህ ደኅና ነው። የሌለው መድኃኒቱ ነው።»

በጭነት መኪና ዱራሜ ክሊኒክ ድረስ ሄደ። «እናንተማ የራሳችሁ አላችሁ» ብለው በትሕትና መለሱት።

ትርፊት አዲስ አበባ ሆስፒታል ከርማ ስትመለስ ግራ እግሯ ከጉልበት በታች የለም። ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። መደርደሪያው ላይ ብልቃጡ አለ፤ ከጎኑ ለጠና ስለ «ግኝቱ» የተሰጠው የምስክር ወረቀት። ብልቃጡን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ጋሼ» አለችው፣ «ይሄ እንስሳህ ስንት እግር ነበር ያለው?»

ጠና ይህንን ጥያቄ በየዓመቱ ለፈተና ያወጣው ነበር።