የዳኮታው ልቅሶ

ባሌ ገሰሰ አክስቱን የገደለው ሐሙስ ማታ እራት ላይ ነው። አክስት ኖሮት አያውቅም። እናቱ ለእናታቸው አንድ ነበሩ፤ አባቱም ቢሆኑ እህት አልነበራቸውም። ሰውዬው ግን ካሰበ አሰበ ነው፤ ሽሮውን እየጠቀለለ «ዝናሽ፣ ቢሾፍቱ አንዲት አክስት ትሙትልኝ» አለኝ።

ነገሩ አውሮፕላን ነው። እኔ ቤት ነገር ሁሉ አውሮፕላን ነው። ገሰሰ ደብረ ታቦር ውስጥ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው በስልኩ የድሮ የጦር አውሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ ማየት ሆኗል። ዶሮዎቼ ድምፁን ከመልመዳቸው የተነሣ ጭልፊት እንኳ ቢመጣ ቀና አይሉም። አውራውን ዶሮ በጦር ጄት ስም «ሚግ» ብሎ ሰይሞታል። የእህቴ ልጅ ስመኝ ከሻርጃ ስትመለስ ለእኔ ሽቶ፣ ለእሱ ደግሞ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አመጣች። ከዚያ ወዲህ ባል አለኝ ብዬ አላወራም።

ከሁሉ የሚብስበት ግን ዳኮታ የሚሉት የድሮ አውሮፕላን ነው። እሱ ልጅ ሳለ ዳኮታ ከከተማችን ዳር ካለው ሜዳ ላይ ያርፍ ነበር። አንድ ቀን የታመሙ እናቱን አሳፍሮ አዲስ አበባ ሆስፒታል ሊያደርሳቸው ወሰዳቸው። ገሰሰ በአቧራው ውስጥ ሜዳው እስኪያልቅ ድረስ ተከትሎ ሮጠ። እናቱ አልተመለሱም፤ እዚያው ተቀበሩ። ለልጅ መርዶ አይነገርም ተብሎ ዝም ተባለ፤ ሲያድግ በራሱ ጊዜ ገባው። ለእናቱ አልቅሶ አያውቅም። ይህንን ለእኔም የነገረኝ ከተጋባን ስንት ዘመን በኋላ ነው።

ታዲያ ቢሾፍቱ የአየር ትርኢት አለ፣ አንድ አሮጌ ዳኮታም ተጠግኖ ይበራል የሚል ዜና ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። ችግሩ በዚያው እሑድ የዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ መሆኑ ነው። የዕድሩ ዳኛ ደግሞ ማን ሆነና። «የራሱ ልቅሶ ካልሆነበት በቀር ማንም አይቀርም» የሚለውን ደንብ ያወጣው እሱው ነው። አንዱ ምስኪን የልጄ ምርቃት ነው ብሎ ቢለምነው አሻፈረኝ ያለ ሰው፣ አሁን አውሮፕላን ለማየት ልሄድ ነው ብሎ በየት አፉ ይናገር?

«እውነቱን ንገራቸው» አልሁት።

«ይስቁብኛል።»

«ይሳቁብሃ። ምን ትሆናለህ?»

«ዝናሽ፣ ዳኮታው አርጅቷል፤ እኔም አርጅቻለሁ። ለከርሞ ሁለታችንም መኖራችንን ማን ያውቃል?»

እዚህ ላይ አንጀቴን በላው። ሞኟ እኔ አክስቲቱን አብሬ ገደልኋት።

የረሳነው ነገር ቢኖር የምንኖረው ደብረ ታቦር መሆኑን ነው። ዓርብ ጧት ለዕድሩ ጸሐፊ ለአስማማው በስልክ ተረዳሁ ብሎ ነገረው፤ ቀትር ሳይሆን ግቢያችን ሰው ሞላ። «እንዴት በስልክ ይረዳል፣ ሰው ጠፍቶ ነው?» እያሉ መርዶ ነጋሪውን ረገሙት። ጉባኤው ተላለፈ። «ዳኛችን ብቻውን አገር አቋርጦ ሊያለቅስ? እኛ ሞተናል እንዴ?» ተባለና ሚኒባስ ተያዘ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ገሰሰ «ኧረ አትድከሙ» ቢል ማን ሰምቶት። «የአንዱ ልቅሶ የሁሉም ልቅሶ ነው» የሚለውንም ደንብ ያስገባው ራሱ ነዋ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኛ ውሸት ግን እያደር ወፈረ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ስለዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ገሰሰን መኻላቸው አስቀምጠው ጋቢውን እስከ አፍንጫው አከናነቡት። መንገድ ላይ ሐሙሲት ከተማ ስንደርስ ሁሉም ወርዶ ጥብሱን ሲበላ ለእሱ ንፍሮ ዘገኑለት። «እንዴት ያሉ አክስት ነበሩ?» ሲሉት «ደግ» ይላል። «ስማቸውስ?» ሲሉት ሳል ይይዘዋል። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ ልሞት ነው።

አስማማው ብቻ ትክ ብሎ ያየዋል። አጽናናለሁ ብሎ ጥብቅ አድርጎ ሲያቅፈው አንድ ጠጣር ነገር ደረቱን ወግቶት ነበር።

«መምህር፣ ምንድን ነው ይሄ ያነገቱት?»

«የልብ ሕመም መሣሪያ ነው» አለው ባሌ፣ እግዜር ይይለት።

አዲስ አበባ አድረን እሑድ ረፋዱ ላይ ቢሾፍቱ መግቢያ ስንደርስ ፖሊስ አስቆመን። ትርኢት ስላለ መንገዱ ለጊዜው ተዘግቷል አለ። ወርደን ዳር ላይ ቆምን። ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀናል፤ ሽማግሌዎቹ የገሰሰን ክንድ ግራና ቀኝ ይዘዋል። ጄቶቹ ሰማዩን እየሰነጠቁ ሲያልፉ የመንደሩ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ የእኔው ሰውዬ ጋቢ ውስጥ ነው። ቀና ሊል ሲሞክር «አይዞህ፣ ቻለው» እያሉ አንገቱን ይደፉታል።

«ትንሽ ነፋስ ያግኝ» አልሁ።

«ዝም በይ፣ ሐዘንተኛን ነፋስ ይመታዋል» አሉኝ።

ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ። ቀስ ያለ፣ ወፍራም፣ የድሮ ወፍጮ የሚመስል። ያንን ድምፅ እራቴን እየበላሁ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ገሰሰ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጋቢ ውስጥ ሆኖ ድምፁ ወደሚመጣበት ሲዞር አየሁና ንዴቴም ሳቄም ጥሎኝ ጠፋ።

«ልቀቁት» ብዬ ጮኽሁ፤ ሽማግሌ ላይ ጮኼ የማላውቀው ሴትዮ። «ስለ እግዚአብሔር፣ ልቀቁት።»

ደንግጠው ለቀቁት። ጋቢውን ጥሎ ሮጠ። ዳኮታው ዝቅ ብሎ በራሳችን ላይ አለፈ፤ ገሰሰ እጁን ዘርግቶ በማሳው ዳር በአቧራው ውስጥ ተከተለው። መነጽሩ ደረቱ ላይ ይንገላታል፤ አንድ ጊዜ እንኳ አላየበትም። አውሮፕላኑ ከዓይን ሲጠፋ በጉልበቱ ወደቀ። «እናቴ» አለ። «እናቴን፣ እናቴን» እያለ አለቀሰ።

ዕድርተኛ ልቅሶ ያውቃል። ለምን እናቱን ጠራ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሴቶቹ ሙሾ አወጡ፣ ወንዶቹ «ወየው» እያሉ ከበቡት። ለማን እንደምናለቅስ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። አንድ ቀን እንኳ ያላየኋቸውን አማቴን እንደሚገባቸው አለቀስሁላቸው። ፖሊሱም ባርኔጣውን አወለቀ።

ልቅሶው ሲበርድ አስማማው ጋቢውን አራግፎ ለገሰሰ አለበሰው።

«መምህር፣ ስማቸውን እኮ አልነገሩንም» አለው።

«ጌጤ» አለ ገሰሰ። የእናቱ ስም ነው።

«ነፍስ ይማር።» አስማማው የሌላ አውሮፕላን ጉርምርምታ ሰምቶ ወደ ሰማይ አየ። «እንግዲያውስ የእማማ ጌጤን ሙት ዓመት ዕድሩ በሙሉ እዚሁ መጥቶ ይዘክራል። ይህ ትርኢት ለከርሞ መቼ እንደሆነ ጠይቀው ቀኑን ያሳውቁን።»

ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«አሁን ያንን የልብ መሣሪያ እስቲ ያውሱኝ፤ የእኔም ልብ አልተመቸኝም።»