ግድግዳ የማያልፈው ዋይፋይ

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ሰው ሲዋሽና ዕቃ ሲበላሽ ግን ከድምፁ አውቃለሁ። አማቼ አዲሱን ራውተር እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ሲገባ፣ ካርቶኑን ገና ሳይከፍተው፣ «ይሄ ነገር ሳያነታርከን አይቀርም» ብዬ ነበር። ማን ሰምቶኝ!

አማቼን ሰፈሩ «ካታሎግ» ነው የሚለው። ቧንቧ ሻጭ ነው፤ ውሃ እንኳ ሲጠጣ መጀመሪያ የጠርሙሱን ጽሑፍ ያነባል። ጥሩ ሰው ነው። ልጄን ካገባት ወዲህ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። እኔ ለሁለታችንም የሚበቃ ተናግሬዋለሁ።

ራውተሩ የተገዛው ለልጁ፣ ለኔ የልጅ ልጅ፣ ለሚጣ ነው። ሚጣ አስተርጓሚ ናት፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ። መስማት የተሳነው ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ ሐኪሙ በስክሪን ይጠራታል፤ እሷ ከቤቷ ሆና የሐኪሙን በእጇ፣ የበሽተኛውን በአፏ ታስተላልፋለች። እንግዲህ ቪዲዮው ሲደርቅ እጇም አየር ላይ ይደርቃል። ባለፈው ሰሞን ሐኪሙ አንዱን ክኒን ዋጥ፣ ሌላውን ተው ሲል፣ «ተው» ላይ ሳትደርስ ምስሉ ቀጥ አለ። ደግነቱ ሰውዬው ተጠራጥሮ ደግሞ ጠየቀ። አለቃዋ ግን ነገሩ አላማራትም፤ «ሐሙስ ጠዋት ራሴ እፈትንሻለሁ። መስመርሽ ካልተስተካከለ ዋናው መሥሪያ ቤት መጥተሽ ትሠሪያለሽ» አለቻት።

ዋናው መሥሪያ ቤት ሌላ ከተማ ነው። ሚጣን ከዚህ ቤት ካወጣችኋት የሚቀረው እኔ፣ ካታሎግ፣ ከሥራ ስትገባ ሶፋው ላይ ክልትው የምትለው ልጄ ነን። ከማን ጋር ልስቅ ነው? ከካርቶኑ ጋር?

«እማማ፣ ነገሩ እንደ መንገድ ነው» አለኝ ካታሎግ፣ የራውተሩን ወረቀት ዘርግቶ። «የፎቁ ሰው ሁሉ የሚጋፋበት አሮጌ መንገድ አለ። ሩቅ ይደርሳል፣ ግድግዳም ያልፋል፣ ግን ታጭቋል። ሁለተኛው ሰፋ ይላል፤ እሱንም ጎረቤት ወርሶታል። ይሄ አዲሱ ግን ሦስተኛ መንገድ አለው፤ ስድስት ጊጋኸርዝ ይሉታል። ባዶ ነው፣ እማማ! ማንም አይሄድበትም!»

«ማንም የማይሄድበት መንገድማ ወይ ጅብ አለበት ወይ አያደርስም።»

መስመሩ የሚገባው በኔ ክፍል መስኮት ስለሆነ ራውተሩም የሚቀመጠው እኔ ቁምሳጥን ላይ ነው። ከካርቶኑ ሲወጣ አየሁት፤ የተገለበጠ በረሮ ይመስላል፣ እግሮቹ ወደ ላይ። እንዲህ ዓይነት ነገር ራቁቱን ቤቴ አይቀመጥም ብዬ ነጭ የዳንቴል ልብስ ጀመርኩለት።

«ይግላል፣ እማማ፤ ይታፈናል።»

«አፈር አልደፋሁበት! ለእግሮቹ ቀዳዳ ትቼለታለሁ።»

ካታሎግ ለሦስቱ መንገዶች ስም አወጣ፦ ቤት አንድ፣ ቤት ሁለት፣ ቤት ሦስት። ሚጣ ላፕቶፗን ከፈተች። ቤት አንድ አለ። ቤት ሁለት አለ። የጎረቤቱም የጎረቤቱ ጎረቤትም አለ። ቤት ሦስት የለም። አጠፋው፣ አበራው፣ ነቀለው፣ ሰካው። በራሱ ስልክ ሞከረ፤ የለም።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አልኩት።

«ዕቃው ብልሽት አለበት፤ እመልሰዋለሁ» ብሎ ወደ ካርቶኑ ሊከተው ተነሳ። ያን ጊዜ ነው ሚጣ ወንበር ላይ ቆማ ከቁምሳጥኑ አናት ሻንጣ ስታወርድ ያየኋት።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«አቧራውን ላራግፍ ነው፣ እማማ።»

«ሻንጣ የሚራገፈው መንገደኛ ሲኖር ነው» አልኳት። ሻንጣውን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«መጀመሪያ የሸጠልህን ሱቅ ደውለህ ጠይቅ፤ አፍ አለህ አይደል?» ብዬ ካታሎግ ላይ ጮህኩበት። ደወለ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተው። የሱቁ ቴክኒሻን ድምፅዋ ቀልጠፍ ያለ ሴት ናት።

«ላፕቶፑ መቼ የተገዛ ነው?» አለች።

«ዩኒቨርሲቲ ስገባ» አለች ሚጣ።

«እሱ ሲሠራ ይሄ መንገድ ገና አልተከፈተም ነበር። ራውተሩ እየጠራው ነው፤ ላፕቶፑ የሚሰማበት ጆሮ የለውም። እስቲ ቤት ውስጥ በቅርብ የተገዛ፣ ጥሩ የሚባል ስልክ ፈልጉ።»

ከዚያ አባትና ልጅ እኩል ዞረው ደረቴን አዩ።

ስልኬ ያለው ደረቴ ላይ ነው፤ በዳንቴል ከረጢት፣ በገመድ። ታላቁ ልጄ «ለእናቴ የመጨረሻው ዓይነት» ብሎ የገዛልኝ ነው። ለእህቴ እደውልበታለሁ፣ መብራት ሲጠፋ አበራበታለሁ፤ በቃ። ላስቲኩ እንኳ ገና አልተላጠም። እኔ አዲስ ነገር አላራቁትም። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በፌስታል ነው፣ ሶፋው በአንሶላ ነው፣ ጥሩዎቹ ሳህኖች ገና የሚገባቸው እንግዳ አልመጣላቸውም።

«አይሆንም!» አልኩ።

«እማማ፣ ለአንድ ጠዋት ብቻ...»

«አንተ የራስህን መነጽር የት እንዳስቀመጥክ አታውቅም፤ የኔን ስልክ ልስጥህ?»

ሚጣ አልለመነችኝም። ቁጭ ብላ የሻንጣውን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ብትለምነኝ ይሻለኝ ነበር። ገመዱን ከአንገቴ አወጣሁ።

«ይኸው። ካሜራው ላይ ያለውን ላስቲክ ግን ራሴ ነኝ የምልጠው።» ላጥኩት። የገዛ ቆዳዬን የላጥኩ ያህል ሰቀጠጠኝ።

«ቤት ሦስት!» ብሎ ካታሎግ ዘለለ፤ ጉልበቱን ከአልጋዬ ጠርዝ አጋጨና በአንድ እግሩ ጨፈረ። ሚጣ ስልኩን ይዛ ወደ ክፍሏ በረረች። ብዙም አልቆየች፣ ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች፤ እዚያ ሲደርስ ቤት ሦስት ይጠፋል። ቴክኒሻኗ ገና መስመር ላይ ነበረች። «አዎ፣ ይሄ ከፍተኛው ሞገድ ግድግዳ አይወድም። ራውተሩ ካለበት ክፍል አትውጡ» አለች።

«እኔ ክፍል ውስጥ ማለት ነው» አልኩ፣ ደስ ያላለኝ መስዬ።

ማታ ለእህቴ ደወልኩ። «ነገ ጠዋት እንዳትደውዪ።»

«ለምን? አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትደብቂኝ?»

«አርፈሽ ተኚ!» ብዬ ዘጋሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሚጣ የስፌት መኪናዬ ላይ ስልኩን በክር ቆርቆሮ አስደግፋ ተቀመጠች። እኔ ከኋላዋ አልጋዬ ላይ። ስልኬ ካለበት አልርቅም ብያቸው ነበር። ካታሎግ ከበሩ ውጭ ትንፋሹን ውጦ ቆመ። ፈታኟ አለቃ ራሷ መስማት የተሳናት ናት፤ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት፣ ጣቶቿ እንደ ስፌት መርፌ የሚፈጥኑ። የሚጣ እጆችም ተከተሏት። አንድም ጊዜ አልደረቁም። እኔ ቋንቋውን ባላውቅም የሚሮጥና የሚያነክስ እለያለሁ፤ ይሄ ይሮጥ ነበር።

ድንገት ስልኩን አንዘፈዘፈው፤ የእህቴ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ድንቅር አለ። አትደውዪ ስላልኳት ነው የደወለችው! ምስሉ ቀጥ አለ፤ የሚጣ እጅ አየር ላይ ቀረ። ከአልጋዬ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ በትከሻዋ ላይ ተንጠራርቼ ቀዩን ተጫንኩት። በሕይወቴ እህቴ ላይ ሳላነሳ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው።

ምስሉ ተመለሰ። ስክሪኑን የሞላው ግን የኔ አፍንጫ ነው።

ፈታኟ እጇን አቆመች፤ አየችኝ፤ ከዚያ ጣቶቿ አንድ ነገር አሉ። ሚጣ ፊቷ በርበሬ መስሏል።

«ማናቸው? አለች።»

«የስልኩ ባለቤት ናት በያት።»

ሚጣ በእጇ አስተላለፈች። ሴትዮዋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ቀጥላ የራሷን ትከሻ ነካ ነካ አደረገች።

«ትከሻዎት ላይ ነጭ ክር አለ፣ አለች።»

ዞሬ አየሁ። የራውተሩ ዳንቴል ክር ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ። የሴትዮዋ እጆች እንደገና ሮጡ፤ ሚጣ ተረጎመችልኝ። «ከዚህ በፊት የራስሽን ጣቶች መቁጠር ያቅተኝ ነበር፤ ዛሬ የስልኩ ባለቤት ትከሻ ላይ ክር አየሁ። እዚያው ሆነሽ ሥሪ። ኮምፒውተር እንልክልሻለን፤ ለሳቸው ስልካቸውን መልሺላቸው።»

በሩ ተከፈተና ካታሎግ እንባውን እየጠረገ ገባ። እህቴ ግን ለስንት ጊዜ አኮረፈችኝ!

አዲሱ ኮምፒውተር መጣ፤ ቤት ሦስትንም ወዲያው አየው። ስልኬ አንገቴ ላይ ተመለሰ። ይሄኔ ካታሎግ አንዲት ትንሽ ካርቶን ይዞ ብቅ አለ። «እማማ፣ ይቺ ሞገዱን ተቀብላ ታሳልፋለች። ኮሪደሩ ላይ ብናደርጋት ሚጣ በራሷ ክፍል ትሠራለች፣ እርስዎም ያርፋሉ።»

«ግድግዳዬን አትበሳም።»

«አይበሳም እኮ፤ ሶኬት ላይ ነው የምትሰካው።»

«ሶኬቴንም አትነካም!»

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። ሚጣ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ ስትስቅ አይቻታለሁ፤ እሷም ካርቶኑን አልጠየቀችም። ሻንጣው ቁምሳጥኑ አናት ላይ ነው፤ የዳንቴል ልብስ አልብሼዋለሁ። ቀኑን ሙሉ እሷ በእጇ ታወራለች፣ እኔ ከኋላዋ በእጄ እሠራለሁ፤ በመሐል አንድ ሁለት ምልክት ታስተምረኛለች። ካታሎግ በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን ሲያስገባ ድምፅ ሳናወጣ ሁለታችንም መዳፋችንን ዘርግተን ገጽ እንገልጣለን። በምልክት «ካታሎግ» ማለት ነው፤ የሱ ስም። እስካሁን አላወቀም።