ክላቭዲያ ጉለሌን ያስለቀሰችበት ጠዋት

ቦጋለ ግማሽ ጺሙን ተላጭቶ ግማሹ ሲቀረው በመስኮት ወደ ግቢው ቢያይ፣ የእድር ድንኳን እየተተከለ ነው።

ምላጩን እንደያዘ ቆመ። ድንኳኑ የራሱ እድር ድንኳን ነው፤ ጥጉ ላይ ያለውን ቀዳዳ በጎማ መለጠፊያ የደፈነው እሱ ነው። ተካዮቹ ጎረቤቶቹ ናቸው። ግቢውም ግቢው ነው። ያላወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን እንደሞተ።

ቦጋለ እንዲህ በቀላሉ ግራ የሚገባው ሰው አይደለም። ከአዲሱ ገበያ እስከ ሞያሌ ድረስ የከባድ መኪና ሾፌር ሁሉ የሚምልበት መካኒክ ነው። የሚያቃስት ሞተር ላይ ጆሮውን አስደግፎ «ሦስተኛው ፒስተን ነው፣ ባለቤቱም ዘይት ላይ ስስታም ነው» ብሎ የሚፈርድ ሰው! ታዲያ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ናፍጣ ሲያዳምጥ ጆሮው አለቀ። ግራው ጨርሶ አይሰማም። ቀኙ ደግሞ፣ ሚስቱ አይዳ እንደምትለው፣ የሚሰማው የሚጠቅመውን ብቻ ነው።

ግቢው ውስጥ ነጭ የስፖርት ልብስ ለብሳ የቆመችው ረጅም ልጅ ክላቭዲያ ናት። እንግዳው ናት፤ ከሩሲያ ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ፣ ቁመቷ ግን ሁለት ሰው ይወጣዋል፤ የቦጋለን በር ጎንበስ ሳትል አልፋ አታውቅም። አያቷ ስቴፓን፣ ቦጋለ በወጣትነቱ ቮሮኔዥ ከተማ የትራክተር ጥገና ሲማር አስተማሪው ነበሩ። «ልጅቱ ሳንባ ያስፈልጋታል፣ እናንተ ጋ ደግሞ ተራራ አለ» ብለው ጻፉለት። ቦጋለም ሠላሳ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ቆሞ በዛገ ሩሲያኛው መለሰ፦ «ትምጣ! እንጦጦ ላይ አንድ ወር የሮጠ ሰው ባሕር ውስጥ ይተነፍሳል!»

ክላቭዲያ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው የቴኒስ ፕሮፌሽናል የሆነችው። ፕሮፌሽናል ሲባል ግን ቴሌቪዥን ላይ እንደሚታዩት አይደለም። ቱርክ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያ፣ ማንም በማያውቃቸው ሜዳዎች፣ ማንም በማያይበት ሰዓት። የሩሲያ ባንዲራ ስለተከለከለ ስሟ ከጎኑ ባንዲራ ሳይኖረው ሰንጠረዥ ላይ ይወጣል፣ በማግሥቱ ይወርዳል። ሰባት ውድድር በተከታታይ ገባች፤ በሰባቱም በመጀመሪያው ዙር ተሰናበተች። ብዙ ሰው ያያት ቀን ተመልካቾቿ ሁለት ነበሩ፤ አንዱም ሜዳ ጠራጊው ነበር።

ውድቀቷ የጀመረው ዝም ካለች ወዲህ ነው። ድሮ ኳስ በመታች ቁጥር ትጮህ ነበር፤ ያ ጩኸት ከእምብርቷ ተነስቶ በክንዷ የሚወጣ ጉልበቷ ነበር። አንድ ቀን ተጋጣሚዋ ከሰሰቻት፣ ዳኛውም «ረበሽሽ» ብሎ ነጥብ ቀማት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምጿን ዋጠች። ኳሱም አብሮ ሞተ።

ቦጋለ ይህን ሲሰማ ድሮ ሰባት ተሳቢ መኪና ተሰልፎ ይቆምበት የነበረውን ግቢውን ጠረገላት፣ በሸራ ማሰሪያ ገመድ መረብ ሠራላት፣ መስመሩን በነጭ ቀለም አሰመረላት። የመጀመሪያው ሳምንት ጉድ ነበር። ቮሮኔዥ ላይ መስመር ውስጥ የምታሳርፈው ኳስ ጉለሌ ላይ የጎረቤትን ጣሪያ አልፎ ይሄዳል። «እዚህ አገር ኳስ አይወርድም እንዴ?» ትላለች ግራ ገብቷት። «አየሩ ቀጭን ነው፣ የሚይዘው የለም» ይላታል ቦጋለ፣ አየሩን ራሱ የሠራው ይመስል። ሃያ ቀን ሙሉ ትንፍሽ ሳትል ተለማመደች።

በሃያ አንደኛው ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ። ናይሮቢ በሚደረግ አነስተኛ ውድድር አንዲት ተጫዋች ተጎድታ ወጥታለች። አዘጋጁ ቦታዋን ለአንዲት ልጅ ሊሰጥ ነው። የሚፈልግ ሁሉ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ ያልተቆረጠ ቪዲዮ ይላክ፤ ሃያ ሰርቭ፣ ማለትም ሃያ የጨዋታ መክፈቻ ምት፣ በተርታ።

ክላቭዲያ ራኬቷን ይዛ ግቢ ወጣች። የመጀመሪያውን ሳተች። ሁለተኛውን ሳተች። በሦስተኛው ተናደደችና ሳታስበው ጮኸች። ምን ዓይነት ጩኸት! እንጦጦ ላይ ያለ ባሕር ዛፍ ሁሉ ቅጠሉን አራገፈ፤ ሱሉልታ ላይ ላሞች ቀና አሉ። ኳሱ መስመሩ ላይ አረፈ። ደስ ብሏት ደገመች። ሠለሰች።

ቦጋለ ይህን ሁሉ አልሰማም። ጓዳ ሆኖ ውሃ እያሞቀ ነበር። ሰፈሩ ግን ሰማ። ጎህ ሲቀድ ከሰው ቤት የሚወጣ የሴት ጩኸት ደግሞ ጉለሌ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርዶ ተነግሯል። መጀመሪያ የደረሰችው ጎረቤቷ ወይዘሮ ሙሉ ናት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ክላቭዲያን ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ላቧ እንደ እንባ ሲወርድ ስታያት «ወይኔ ልጄን!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ወዲያው የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ነፊው ማን እንደሞተ መች ይጠይቃል? «ጋሽ ቦጋለ ግቢ!» ብሎ ነፋው፣ በቃ።

ቦጋለ በግማሽ ጺሙ ወጣ። እስኪወጣ ድረስ ግቢው ሞልቷል፤ ስድስት መቶ ሰው ቢባል ማንም አይከራከርም። የእድሩ ዳኛ አቶ ኃይለ መለኮት ባርኔጣውን አውልቆ እጁን ያዘው።

«አይዞህ ቦጋለ። ጠንከር በል።»

ቦጋለ ዙሪያውን ቃኘ። እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ያውቃሉ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃል፤ እሱ ራሱ ስንቱን አርድቷል! ተሰብስቦ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ቀስ ተብሎ ይነገራል። ስለዚህ ሊነግሩት ነው። የማንን? እህቱ መቱ ከተማ ናት፣ ትናንት ማታ በስልክ ስለ በግ ዋጋ ስትጨቀጭቀው ነበር። አይዳ... አይዳ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እንጦጦ ማርያም ለኪዳን ወጥታለች። ደወለላት። ዝግ ነው። ደገመ። ዝግ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሰዎቹ በበኩላቸው መርዶው የተነገረው ለእሱ ነው ብለው ያምናሉ። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ማን ነው የሞተባችሁ?» ማለት ደግሞ ነውር ነው፤ ቀድሞ የገባው ያውቃል እየተባለ ሁሉም ቀድሞ የገባውን ያያል። ቦጋለ ሲያያቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። አንገታቸውን ሲደፉ እሱ ይበልጥ ይፈራል። እሱ ሲገረጣ ሙሉ ታለቅሳለች። ሙሉማ በዚያው ባለፈው ዓመት የሞተውን ወንድሟን እያነሳች ነበር።

«እንዴት ነበር አሟሟቱ?» አለ ቦጋለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እሱን እንግዲህ አንተ ነህ የምታውቀው» አለው ኃይለ መለኮት።

«እኔ?»

«አሁን አታስበው። ንፍሮ ቅመስ።»

ክላቭዲያ በአግዳሚዎቹ መሃል ሾልካ መጣች። ወይዘሮ ሙሉ ትከሻዋ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋላታለች። ዓይኗ በርቷል።

«ጋሽ ቦጋለ» አለችው በሩሲያኛ፣ «ይሄ ሁሉ ሰው... እኔን ሊያይ ነው የመጣው?»

ቦጋለ ለአይዳ እንደገና ደወለ።

«ድንኳኑ ግን ሜዳው ላይ ነው ያለው» አለች ቀጥላ፣ ስልኳን እያሳየችው። ከአዘጋጁ የመጣውን አነበበችለት። ሃያ ሰርቭ፣ እስከ ስድስት ሰዓት። «ይህ ካመለጠኝ ስምንተኛ አልሞክርም። ለአያቴ ነግሬዋለሁ። ራኬቱን እሰቅላለሁ።»

ቦጋለ ሰዓቱን አየ። ሦስት ሰዓት። ድንኳን ይነሳ ብሎ ለመናገር ሰው አልሞተም ማለት አለበት። ሰው አለመሞቱን ደግሞ በምን ያውቃል? አራት ሰዓት ሆነ፤ አይዳ ዝግ ናት። አምስት ሆነ፤ ዝግ። ክላቭዲያ ድንኳኑ ጥግ ቆማ ኳሷን እያነጠረች፣ በየደቂቃው ታየዋለች። ሳታለቅስ ታየዋለች፣ ይሄ ነው የባሰበት።

አምስት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ብድግ አለ።

«ጎረቤቶቼ!» አለ። ስድስት መቶው ሰው ንፍሮውን አስቀመጠ። «አንድ ጊዜ ንገሩኝና ይለቅልኝ። ማን ነው የሞተብኝ? አይዳ ናት?»

«ውይ! አይዳ ሞተች?!» ብላ ሙሉ ደረቷን መታች።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆመዋል? እስካሁን ለማን እንደሚያለቅስ ሳያውቅ በቁጠባ ሲያለቅስ የነበረው ሰው ስም አገኘ። «አይዳ! አንቺ ደግ! አንቺ የጎረቤት እናት!» ግቢው ተናጋ። ቦጋለም ያ የፈራው እውነት ሆነና አብሮ አነባ፣ በተላጨው በኩል እንባው ሲወርድ፣ ባልተላጨው በኩል ሲቀር።

በዚህ መሃል የውጪው በር ተከፈተ። አይዳ ናት፤ የጠበል ጀሪካኗን አንጠልጥላ፣ ጥላዋን ዘርግታ። ድንኳኑን አየች። ሰውን አየች። ጀሪካኑ ከእጇ ወደቀ።

«ቦጋለ! ቦጋዬን ሞት በላብኝ!»

ሙሉ ዘወር ብላ አየቻትና አግዳሚው ላይ ተዘረረች። ሁለት አሮጊቶች አማተቡ። ቦጋለ ሮጦ ሚስቱን ሲያቅፋት፣ እሷ ደግሞ ሞቷል ያለችው ሰው በግማሽ ጺሙ ስለመጣባት ገፈተረችው።

«በሕይወት አለህ?»

«አንቺስ?»

«እኔማ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነው! ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

ኃይለ መለኮት በከዘራው የድንኳኑን ምሰሶ ሦስቴ መታ። «ጸጥ! እንዲህ ያለ ለቅሶ በሃያ ሁለት ዓመት ዳኝነቴ አላየሁም። ከመጀመሪያው እንያዘው። ጠዋት የጮኸው ማን ነው?»

ሙሉ ተዘርራ ሳለች ጣቷን አነሳች። ጣቷ ክላቭዲያ ላይ አረፈ።

ግቢው ሁሉ ዞሮ ልጅቷን አያት። ክላቭዲያ የሚባለው አልገባትም፤ ጣቱ ግን ገባት። ፊቷ አመድ መሰለ። ቦጋለ ጠጋ ብሎ ጠየቃት። «ኳስ ስመታ ነው» አለች በሹክሹክታ፣ ቀኝ ጆሮው ላይ። «ይቅርታ በልልኝ። ሁለተኛ አልጮህም። ረበሽኳቸው፣ አይደል?»

ቦጋለ ተረጎመው፤ እስከ ስድስት ሰዓት መላክ ያለበትን ቪዲዮም ጨምሮ ነገራቸው። መጀመሪያ አግዳሚው ላይ የአንድ ሽማግሌ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ሳቁ እንደ ጎርፍ ወረደ። አይዳ ግን አልሳቀችም። «ሰዓቷ ስንት ነው የቀረው?» አለች።

«ሃያ ደቂቃ» አላት ቦጋለ።

«ታዲያ ምን ይገትራችኋል? ድንኳኑን አንሱላት እንጂ!»

«አይሆንም» አለ ኃይለ መለኮት። «የእድር ድንኳን አንዴ ከተተከለ በዕለቱ ተነቅሎ አይጠቀለልም። ክፉ ነው። ደንቡም አይፈቅድም።»

«አትንቀሉት» አለ ቦጋለ። «ተሸከሙት።»

ሠላሳ ወንድ ምሰሶ ምሰሶውን ያዘ። ድንኳኑ እንደ ትልቅ አሮጌ ዝሆን ተነሳና ተንገዳግዶ ወደ አጥሩ ሄደ፤ እዚያም በእጅ እንደተያዘ ቆመ። ሴቶቹ አግዳሚዎቹን በመስመሩ ዳርና ዳር ደረደሩ፣ ተቀመጡም፣ ነጠላቸው እንደተዘቀዘቀ። ቦጋለ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። አሥራ አራት ደቂቃ።

ክላቭዲያ ኳሱን ወረወረች፣ አፏን ገጥማ መታች። መረብ። ሁለተኛ፣ አፏን ገጥማ። መረብ። ስድስት መቶ ሰው በአንድ ላይ ከንፈሩን መጠጠ።

ቦጋለ ቪዲዮውን አጥፍቶ ወደ እሷ ሄደ። «ምን ሆነሻል?»

«ሰዎቹ... እንዲሰሙ አልፈልግም።»

ያቺ የዛገች ሩሲያኛ ያን ጊዜ ተነሳች፤ ቮሮኔዥ እያለም እንዲህ አጥርቶ ተናግሮ አያውቅም። «ልጄ፣ ለምን እንደመጡ ጠይቀሽኝ ነበር። ጩኸትሽን ሰምተው ነው። ይሄ ሁሉ ሰው ሥራውን ጥሎ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ነጠላውን ለብሶ የመጣው ጩኸትሽን ሰምቶ ነው። እዚህ ሰፈር የጮኸ ሰው ነጥብ አይቀማም፤ ይሮጡለታል።»

አየችው። ከዚያ አግዳሚዎቹን አየች፣ አንድ በአንድ። ሙሉ ተቃንታ ተቀምጣ እጇን ወደ ላይ አነሳችላት፣ «በይ እንጂ!»

ቦጋለ ቪዲዮውን እንደገና ከፈተ። ኳሱ ወደ ሰማይ ወጣ። ከእምብርቷ የተነሳው ድምፅ ድንኳን የተሸከሙትን ሠላሳ ወንዶች ወደ ኋላ ገፋቸው። ኳሱ መስመሩ ላይ ጭስ ትቶ አለፈ። ሁለት። ሦስት። በየጩኸቱ ሴቶቹ፣ አፋቸው ከጠዋት ጀምሮ ስለለመደ፣ «እ!» እያሉ ይቀበሏታል። ሃያው ሰርቭ ሲያልቅ አሥራ ስምንቱ ገብቷል። ቪዲዮው ስድስት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ተላከ።

ማንም አልተነሳም። ሰው ከሰው ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ እንደሆነ ይችሉበታል። ወንዶቹ ተራ በተራ ምሰሶ እየተቀባበሉ፣ ሴቶቹ ንፍሮ እያዞሩ፣ ልጅቷን መሃል አስቀምጠው ከእሷ ጋር ጠበቁ። ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ክላቭዲያ አነበበች፣ ደግማ አነበበች፣ ለቦጋለ አሳየችው።

«ምን ይላል?» አለች አይዳ።

«ቦታው የእሷ ነው ይላል» አላት ቦጋለ። «ጨዋታው ደግሞ ሰኞ።»

እልልታው ከመብረዱ በፊት ክላቭዲያ ተነሳች። ጨዋታ ሲያልቅ እጅ መጨበጥ ልማዷ ነው። በመጀመሪያው አግዳሚ ጀምራ አንድ በአንድ ትጨብጣቸው ጀመር። የተጨበጠውም ሁሉ፣ ነጠላው እንደተዘቀዘቀ፣ ከመቀመጫው ብድግ እያለ፣ ከልማዱ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላታል።

«እንዴ! አሁን ይሄ ምን ማለት ነው?» አለች አይዳ። «ማን ሞተባትና?»

«ተያቸው» አላት ኃይለ መለኮት፣ ተራው ደርሶ እየተነሳ። «ለሰኞ ያስፈልጋታል።»