መሪውን ጥሎ የተኛው ሰው

ባሌ የባሕር ኃይል ታሪክ ጸሐፊ ነው። አራት ወፋፍራም መጻሕፍት አሳትሟል፤ መርከብ ላይ ግን ወጥቶ አያውቅም። አንዴ ሐይቅ ላይ በጀልባ ላዝናናው ብዬ ገና ገመዱ ሳይፈታ አስመለሰው። ጎረቤቶቻችን ይህን ጉድ ስለማያውቁ "አድሚራሉ" ይሉታል። እሱም ሲጠሩት ደረቱን ነፋ አድርጎ አቤት ይላል።

የምግብ ጠረጴዛችን የባሕር ካርታ ከተነጠፈበት ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ የምንበላው ጉልበታችን ላይ ነው። መስኮት ክፈት ሲሉት ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ ያስረዳል እንጂ አይከፍትም። የእኔ ሥራ የእጅ ጽሑፉን መተየብ ነው፤ ያን ጽሑፍ ከእኔና ከፈጣሪ በቀር ማንበብ የሚችል የለም። በአራቱም መጻሕፍት መግቢያ ላይ "ለታጋሿ ባለቤቴ" ብሎ አመስግኖኛል። አንዷን ቃል እንኳ አልቀየራትም።

ስሙን ያስጠራው ሦስተኛው መጽሐፍ ነው። አንዲት የጦር መርከብ ከስልሳ ዓመት በፊት፣ ወሩ በገባ በአሥራ አምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዓለት ገጭታ እንዴት እንደሰጠመች ይተርካል። ባሌ ጥፋተኛውን አግኝቶታል፤ መሪ ጨባጩ ነው። ከመርከቧ የተረፈው የቀን መዝገብ በአሥራ አምስት ሥር "ከቀትር በኋላ መሪ ጨባጩ መሪውን ትቶ ሄዶ ተኛ" ይላል። ከዚህች አንዲት መስመር ባሌ አሥራ ስምንት ገጽ አወጣ። ሰውየው ከመርከቧ ጋር ሰጥሟልና አልተከራከረውም።

ባለፈው ወር፣ የዚህ መጽሐፍ ሁለተኛ እትም ሊወጣ ሲል፣ የመሪ ጨባጩ ሴት ልጅ ቤታችን መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ ኮሌታቸው ላይ የተሰካውን መርፌ እንኳ ሳያነሡ ነው የመጡት። አባቴ ሥራውን ጥሎ የሚተኛ ሰው አልነበረም፣ እባክዎ እንደገና ይዩልኝ ብለው ለመኑት። ባሌ ወንበር ሰጣቸው፤ ከወንበሩ ጋር ትምህርትም ጨመረላቸው። ታሪክ በፍቅር አይጻፍም፣ መዝገብ አይዋሽም እያለ አንድ ሰዓት ሙሉ አደረቃቸው። አመስግነው ወጡ። በር ድረስ ስሸኛቸው ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

ነገሩ ከነከነኝ። ለአዲሱ እትም መዝገቡ ሙሉ ቃሉ ከመጽሐፉ ጀርባ እንዲገባ ተወስኖ ስለነበር ለመጀመሪያ ጊዜ እሱንም ተየብኩ። የመጨረሻው ገጽ ቀኑን አሥራ ስድስት ይልና እንዲህ ይቀጥላል፤ "ከቀትር በኋላ መሪ ጨባጩ ትኩሳቱ በረድ ቢልለት ተነሥቶ መሪውን ተረከበ።" መርከቧ በአሥራ አምስት ሰጥማ፣ በአሥራ ስድስት የማንን መሪ ነው የተረከበው? የዓሣዎቹን? ባሌ ለዚህም መልስ ነበረው፤ "መዝገብ ያዡ በድንጋጤ ቀን ተሳስቷል" ብሎ የግርጌ ማስታወሻ ጽፏል። መዝገብ አይዋሽም፤ ከእሱ ጋር ካልተስማማ ግን ይሳሳታል።

ወደ ኋላ ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። በየቀኑ ሥር መጀመሪያ የሚጻፈው የከሰዓት በኋላው ነው፤ ቀጥሎ የሌሊቱ፤ የጠዋቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ይህን የት ነው ያየሁት ብዬ የባሌን የመጀመሪያ መጽሐፍ ከመደርደሪያ አወረድኩ። ምዕራፍ ሁለት፣ አራት ሙሉ ገጽ፣ በገዛ ጣቴ የተየብኩት። እነዚያ መርከበኞች ቀን የሚቀይሩት እኩለ ቀን ላይ ነው፤ የመዝገባቸው አሥራ አምስት የሚጀምረው እኛ አሥራ አራት በምንለው ቀን ቀትር ላይ ነው። እንግዲህ ሰውየው የተኛው ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን፣ ታሞ ነው። የመዝገቡ አሥራ ስድስት ከቀትር በኋላ ደግሞ የአደጋው ዕለት ነው፤ መርከቧ ስትገጭ መሪው በእጁ ነበር።

ሁለቱንም መጻሕፍት ገልጬ ፊቱ ዘረጋሁለት።

"የራስህን መጽሐፍ አንብበህ ታውቃለህ?" አልኩት።

አነበበ፤ ላብ በላብ ሆነ። በማግስቱ የማረሚያውን ጽሑፍ አመጣልኝ። "የቀድሞ ጸሐፊዎች በቀን አቆጣጠር ስሕተት መሪ ጨባጩን ሲወነጅሉ ኖረዋል፤ ይህ መጽሐፍ እውነቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ ያደርጋል" ይላል። የቀድሞ ጸሐፊዎች የተባሉት እሱ ብቻውን ናቸው። ጥፋቱን ግኝት አድርጎት ቁጭ! መጀመሪያ ለሴትዮዋ ወስደህ ካላነበብክላቸው አንድ ፊደል አልነካም አልኩት። አጉረመረመ፤ ግን ራሱ መተየብ ስለማይችል ተነሣ፤ እኔም ተከተልኩት።

ሴትዮዋ የሚሠሩባት ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ በየምስማሩ የተንጠለጠለ ያላለቀ ልብስ። ባሌ ቆሞ፣ ድምፁን ጠርጎ አነበበ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

"የቀድሞ ጸሐፊዎች እነማን ናቸው?"

ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። "እኔ ነኝ" አለ በመጨረሻ። እስክሪብቶውን አወጣና እዚያው መኪናው ጠርዝ ላይ አስደግፎ የጻፈውን ሰረዘው፤ "ተሳስቻለሁ። ሰውየው መሪውን እንደያዘ ነው የሞተው" ብሎ ጻፈ። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ቀን ኮርቼበት አላውቅም።

ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። "እናቴ ሃምሳ ዓመት በአባቴ ስትኮራ ኖራለች። መጽሐፍዎን ስታነብ ፎቶውን ከግድግዳ አወረደችው። ሁለት ዓመት ስሙን ሳታነሣ ኖረች፤ እንደተቀየመችው ሞተች። እሱንስ የትኛው ገጽ ላይ ነው የሚያርሙልኝ?"

ባሌ ለነፋስም ለማዕበልም መልስ አጥቶ አያውቅም። ወደ እኔ ዞረ፤ ከዚያ ወደ ሴትዮዋ።

"የትም ላርመው አልችልም፣ እማማ" አለ።

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወረቀቱን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱና ስፌታቸውን ቀጠሉ።