ቆሞ ለሚያነብ በነጻ

ላ ብሩሁላ የተባለው መጽሐፍ ሻጭ ድርጅት በባራንኪያ ከተማ ሦስት የመጻሕፍት መደብሮች ነበሩት። በወደቡ በኩል ያለው መድኃኒት ቤት ሆነ፤ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት የነበረው የስልክ መሸጫ ሆነ። ሦስተኛው፣ ከክሊኒኩ ማዶ ያለው፣ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ከሰዓት በፊት፣ ኔይላ ባሪዮስ ደረሰችበት።

ኔይላ ዘጠኝ ዓመት ጀርመን፣ ላይፕዚግ ተምራ ከተመለሰች ስምንት ወሯ ነው። አንደኛው ሻንጣዋ እስካሁን አልተፈታም። እናቷ፣ «ይቺ ልጅ ስትቀመጥ እንኳ ልትነሳ ያለች ነው የምትመስለው» ትላለች። ስለ ነገ ሲጠይቋት መልሷ ሁልጊዜ «እናያለን» ነው።

ባንኮኒው ላይ በግማሽ ዋጋ ከተቆለሉት መካከል፣ ከማግዳሌና ወንዝ አሸዋ እየዛቁ ስለሚያወጡ ሰዎች የተጻፈ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ አየች። ላይፕዚግ በነበረችበት ዘመን ሁሉ ፈልጋ ያጣችው ነው፤ ዳግመኛ አልታተመም። ለማጣሪያ ሽያጩ የተቀጠረች ልጅ ቀና ብላ ሳታያት ሸጠችላት። አውቶቡስ ውስጥ ስትገልጠው ከመሃሉ ያልወጣለት የሎተሪ ቲኬት አገኘች። ማስቲካዋን ጠቅልላበት በመስኮት ወረወረችው። ዘጠኝ ዓመት ጀርመን መኖር ይህን አመል አላስተዋትም።

ቅዳሜና እሑድ አንብባ ጨረሰችው። ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሌላ ነገር ተርፎ እንደሆነ ልትጠይቅ፣ መጽሐፉን በቦርሳዋ እንደያዘች ተመለሰች። መደርደሪያዎቹ እየተነቀሉ ነው። በዚህ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው ዶን ሊባርዶ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ከካርቶን ውስጥ አንድ በአንድ መጽሐፍ እያወጣ፣ ጀርባውን ይዞ ያራግፋል።

«ዶን ሊባርዶ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«ሰው» አለ ቀና ሳይል። «የአንባቢ ምልክት ያለባቸውን ለይቼ ከባንኮኒው ሥር አስቀምጬ ነበር። ዓርብ የስንብት ወረቀት ፈርም ብለው ዋናው ቢሮ ጠሩኝ፤ ያቺ ለሽያጩ የተቀጠረች ልጅ አውጥታ ከሚቸበቸቡት ጋር ቀላቀለቻቸው። ቆሞ የሚያነብ አሥራ አራት አንባቢ ነበረኝ። የአሥራ ሦስቱን ምልክት አግኝቻለሁ። ኤድልማን አጣኋት።»

«ኤድልማ ማናት?»

«የክሊኒኩ ልብስ አጣቢ። ስለ ወንዙ የሚያወራውን ወፍራሙን ነበር የያዘችው።»

ኔይላ ቀስ ብላ መጽሐፉን ከቦርሳዋ አወጣች።

ሊባርዶ ተቀብሎ አራገፈው። ምንም አልወደቀም። «ምልክቷስ፣ ቲኬቱ?»

«ጣልኩት። ቆሻሻ መስሎኝ።»

«ሌላ ሰው ቢለኝ አምን ነበር» አለ ሊባርዶ። «አንቺ ግን? በትምህርት ቤት ልብስሽ እዚያ ጥግ ላይ ቆመሽ ስንቱን ጨረስሽ! ያኔ የአንቺ ምልክት የአውቶቡስ ቲኬት ነበር። አንድ ቀን አንድ ጠበቃ መጽሐፍሽን ገዝቶት ሲሄድ፣ በብስክሌት ከካቴድራሉ ቅርንጫፍ ሌላ አምጥቼ ቲኬትሽን እዚያው ገጽ ላይ መልሼዋለሁ። አላወቅሽም። ከየት ታውቂያለሽ?»

ኔይላ ምልክቷን ረስታው ነበር። የቤቱን ደንብ ግን አሁን አስታወሰች፤ ቆሞ ለሚያነብ በነጻ፣ መቀመጥ የፈለገ ይግዛ። ወንበር ደግሞ አልነበረም። የሰው ምልክት አይነካም። ላይፕዚግ ሳለች ስለዚህች ከተማ ብዙ አውርታለች፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም።

«አሁንስ ሌላ ቅርንጫፍ የለኝም» አለ ሊባርዶ። «በምሳ እረፍቷ፣ በስድስት ሰዓት ትመጣለች። ዓርብም መጥታ አጥታዋለች። ራስሽ ንገሪያት፣ ጀርመናዊቷ።»

በስድስት ሰዓት ኤድልማ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ስልሳ ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ እጇ በሳሙና የነጣ፣ ሰፊ ሴት ናት። በሩ ላይ ቆማ የተነቀሉትን መደርደሪያዎች አየች። ኔይላ ሁሉንም ነገረቻት፤ መግዛቷን፣ ማስቲካውን፣ መስኮቱን።

«ማስቲካ ጠቀለልሽበት?» አለች ኤድልማ። «ይኸው እሱ ቲኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ጠቀመ።»

«ይውሰዱት፣ ሴኞራ። የእርስዎ ነው። ገጹን እንኳ ባላውቀውም…»

«ገጹን አውቃለሁ።» ከሽርጧ ኪስ ሌላ ቲኬት መዘዘች፤ ዜሮ፣ አራት፣ አንድ፣ ሁለት። «ካቆምኩበት ገጽ ተነስቼ ነው ቁጥር የምጫወተው። ሐሙስ አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ነበርኩ። መጽሐፉን ግን አልወስድም።»

«በስጦታ ነው የምሰጥዎት።»

«ገባኝ። ቤት ወስጄ ምን ላደርገው? ባሌ ቴሌቪዥኑን ያስጮኸዋል፣ የልጅ ልጆቼ ከላዬ አይወርዱም፣ ‹ኤድልማ› ሳልባል አንድ መስመር አይነበብም። ክሊኒኩ ውስጥም ያው ነው፤ ‹ኤድልማ አንሶላ፣ ኤድልማ ፎጣ›። እዚህ ስቆም ግን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ማንም ስሜን አይጠራም። ሊባርዶ እንኳ በአገጩ ነው ሰላም የሚለኝ። እኔ የጠፋብኝ ይኸ ነው። ሌላ መጽሐፍማ ፓሴኦ ቦሊቫር ጎዳና ላይም ይገኛል።»

 የኔይላ ስጦታ እጇ ላይ ከበደ። ያላሰበችው ነገር ከአፏ ወጣ፤ «አሁን ስንት ደቂቃ አለዎት?»

ኤድልማ የግድግዳውን ሰዓት ፈለገች፤ እሱም ተነቅሏል። «አሥራ አምስት።»

ከውጭ፣ ከመዝጊያው በላይ፣ የሸራው ጥላ ገና አልወረደም። ኤድልማ መጽሐፉን ተቀብላ ከሥሩ ገባች፣ አንድ ጫማዋን አወለቀች፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች፣ አራት መቶ አሥራ ሁለትን ገለጠች። ኔይላ አጠገቧ ቆመች። በረዶ ሻጩ ጋሪውን እየገፋ አለፈ። ኤድልማ በአፍንጫዋ ሳቀች። ኔይላ የትኛው ቦታ እንደሆነ ገመተች።

«ኮንትሮባንዱ ጋ ደረሱ?»

ኤድልማ ገጹን ገለበጠች። ኔይላ ምላሷን ነከሰች፤ ከዚያ በኋላ አልተነፈሰችም።

ሰዓቱ ሲደርስ ኤድልማ ያቺኑ ቲኬት ባቆመችበት ገጽ አስገብታ መጽሐፉን ዘጋችና መልሳ ለኔይላ ሰጠቻት። «አምስት ገጽ። ዛሬ በአራት መቶ አሥራ ሰባት ነው የምጫወተው።» ጫማዋን እያጠለቀች ከታች ወደ ላይ አየቻት። «ነገስ?»

መጽሐፉ ስድስት መቶ ሠላሳ ገጽ ነው። ኔይላ በልቧ አሰላችው፤ ከአንድ ወር ያልፋል። «እና…» ብላ ጀመረች፤ የለመደችው ቃል ግን አልወጣ አላት።

«ጥላውን ሐሙስ ያወርዱታል» አለ ሊባርዶ ከውስጥ። ሳይሰማ አልቀረም።

ኔይላ ያን ያልተፈታ ሻንጣ አሰበች። ከታች፣ ከክረምት ካፖርቷ ሥር፣ በዚህ ከተማ አንድም ቀን ያልተዘረጋ ነገር አለ።

«ጃንጥላ አለኝ» አለች። «ሁለት ሰው ይይዛል።»

ኤድልማ ጥቂት ተመለከተቻት። «በስድስት ሰዓት። አንቺ ቀድመሽ ጨርሰሽዋል አይደል? መጨረሻውን ብትነግሪኝ በራሱ በጃንጥላው ነው የምመታሽ።» ብላ መንገዱን ተሻገረች።